በሴቶቹ በኩል

አምቦ ላይ ካሜራ አንግቼ መሄድ ስጀምር ሰው የሚያየው ካሜራውን ሳይሆን እኔን ነበር። ጊዜው ከሚሌኒየሙ ስድስት ሰባት ዓመት አልፎ ነው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እቆርጥ ነበር። ክስ የሚከስ፣ መታወቂያ የሚያወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚመዘገብ ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል። ባለቤቱ ሽማግሌ ለምሳ ሲወጡ ካሜራውን አወርድና በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አነሳለሁ። ሰው የለበትም፣ ብርሃን ብቻ። አንድ ቀን ሚሞሪው ውስጥ አገኙት።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ግድግዳው መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ካሜራውን ቆልፈውበት አልሄዱም። ያስተማረኝ ሰው የለም ስል ሰዎች ጉራ ይመስላቸዋል። ያስተማረኝስ የለም፤ ያልቆለፈብኝ ሰው ግን ነበረ።

ሰርግ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። ካሜራማኖቹ በትከሻቸው ገፋ ያደርጉኛል። ወንበር ላይ ወጥቼ ላነሳ ስል አንዱ፣ «እህቴ፣ ዛሬ የምታነሺው ነው ወይስ የምትነሺው?» ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ምን ላድርግ? አለዚያ ነገ አይጠሩኝም።

ከዚህ ሁሉ ያወጡኝ ከስልጤ በኩል መጥተው አምቦ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት እናት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ልታገባ ነበር። በእነሱ ሰርግ ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ ናቸው። በሴቶቹ በኩል ሻሽ ይወልቃል፣ ፀጉር ይፈታል፣ ይጨፈራል። ወንድ ካሜራማን ከበር አያልፍም፤ ስለዚህ የሴቶቹ ደስታ ሳይነሳ ይቀራል። እኒህ እናት ጉርድ ሊነሱ መጥተው ካሜራውን በእጄ ሲያዩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«አንሺዋ አንቺ ነሽ? ወላሂ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«በይ እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። የልጄን ሰርግ ታነሻለሽ፤ ግን የወንድ ዓይን አያየውም። ከእጅሽ አይወጣም።»

«አይወጣም» አልኩ።

ኑሮዬ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው። ትንሽ ማተሚያ ገዛሁ፤ ቆይቶም የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። የሴቶቹን ፎቶ የማስተካክለው በሩን ዘግቼ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነበር። ራሴ አትማለሁ፣ አልበሙ ላይ ራሴ እለጥፋለሁ፣ ሳስረክብ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ከፊታቸው አጠፋለሁ። እናትየዋ ለዘመድ፣ ዘመድ ለጎረቤት ነገሩና ከጊንጪም፣ ከጉደርም፣ ከእንጭኒም ይጠሩኝ ጀመር። መስቀሌን አንገቴ ላይ እያዩ ማንም አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ሙሽራ ከማንሳቴ በፊት «ማሻአላህ በይ» ይሉኛል፣ ዓይን እንዳይበላት። እላለሁ። እየጎተቱ ያስጨፍሩኛል፤ ካልበላሽ አታነሺም ብለው ያጎርሱኛል። ወንበር ላይ ስወጣ የሚስቅብኝ የለም፤ ወንበሩን የሚይዝልኝ ነው ያለው።

ታዲያ ምን ጎደለብሽ ትሉኝ ይሆናል። የጎደለብኝን ልናገር፤ መራራው ነገር የበቀለው ከእሱ ነውና። ሥራዬን ለማንም ማሳየት አልችልም ነበር። ደንበኛ «ናሙና አሳዪኝ» ሲለኝ የማወጣው የተመራቂ ተማሪ ፎቶ ነው፤ ጋዋን፣ ቆብ፣ አበባ፣ አለቀ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራዬ በየሴቶቹ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው። እሱም ቢሆን ማተሚያዬ አቅም የላትም፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወርቁ ይደበዝዛል። ሌሎቹ አዲስ አበባ ልከው እንደ ጠረጴዛ የሚዘረጋ አልበም ያሳትማሉ። የእኔ የመዳፍ ያህል ሆኖ ቀረ። ቃሌን ጠብቄ መኖሬ ያኮራኝ ነበር ብል ግማሹ ውሸት ነው። ያንገበግበኝም ነበር።

ከዓመታት በኋላ የእኒያው እናት የመጨረሻ ልጅ አገባች። በሴቶቹ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ፣ በከፊል በተጋረደ መስኮት በኩል ብርሃን ሲገባ፣ አንድ ፎቶ አነሳኋት። ሻሿ ወልቋል፤ ይህን ብቻ እላለሁ። ሌላው ለእናንተ አልተሰጠም፤ ለእኔም አልተሰጠም ነበር። ካሜራውን ዝቅ አደረግሁ። ግድግዳ ላይ ብርሃን ሳነሳ የኖርኩት ለካ ለዚህ ነው አልኩ።

በማተሚያዬ አወጣሁት። ሞተ። እንደገና አወጣሁት። ግራጫ።

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በሦስተኛው ቀን ፍላሹን በፖስታ አሽጌ ለማውቀው የሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁትና አዲስ አበባ ላለ አልበም አታሚ ደወልኩ።

«የሴቶች ፎቶ ነው፣ አደራ። ሰው እንዳያየው» አልኩት።

«እኛ ዘንድ ሁሉም ያው ፎቶ ነው፣ እህቴ» አለኝና ሳቀ።

ያ ሳቅ ሊመልሰኝ ይገባ ነበር። አታሚዎቹ ሁሉም ወንዶች እንደሆኑ አውቃለሁ። አያዩትም፣ ያትማሉ እንጂ፤ ሐኪም ሴት ያክም የለም እንዴ፤ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ስሰፋ ዋልኩ። ትልቁ ፎቶ ከፍላሹ ጋር ሲመጣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ወርቁ ወርቅ ሆኖ ነበር። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናትየዋ ሲያዩት በጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱት። «ማሻአላህ! ይሄን የሚያህል የት አሳተምሽው?» አሉ።

«እዚሁ፣ እኔው ራሴ።»

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ምርቃቱን ተቀበልኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ግን ያን ቀን አላጠፋሁም።

አንድ ወር እንኳ አልሞላም። አታሚዎቹ የሥራቸውን ናሙና የሚለጥፉበት የቴሌግራም ገጽ አላቸው። ፎቶው አምሮባቸው ለጠፉት፤ ከታች ስልካቸውን ጽፈውበታል። ከሰው ሰው ሲተላለፍ የሙሽራው ታናሽ ወንድም ዘንድ ደረሰ። የወንድሙን ሚስት ፀጉር ያየው በስልኩ፣ ከጓደኞቹ መሃል ሆኖ ነው።

እናትየዋ በማግስቱ ጠዋት መጡ። ደንበኛ ነበረኝ፤ እስኪወጣ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እዚሁ፣ እኔው ራሴ ብለሽኝ ነበር።»

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ሰረቁሽ? በይ፣ ሰረቁኝ በይኝና ልመንሽ።»

ብዋሽ ያምኑኝ ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ሊያምኑኝ ፈልገዋል። «ላኩት። እንዲያምር ብዬ ነው» አልኩ።

«እንዲያምር!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሳያምር ቢቀርስ? እኛ እኮ ድሮም ያለ ፎቶ ነው የተዳርነው። ልጄ፣ ወንድ ያነሳት ቢሆን ፊት ለፊት እናውቀው ነበር፤ ትሸፈን ነበር። ያንቺን በምን እንሸፍነው?»

አታሚው ጋ ደወልኩ። «ወዲያው አወርደዋለሁ፣ ምን ችግር አለው?» አለ። አወረደውም። ከሰው ስልክ ግን ማን ያወርደዋል? እናትየዋ አጠገቤ ተቀምጠው ከኮምፒውተሩም፣ ከሚሞሪውም፣ ከፍላሹም አስጠፉኝ። ትልቁን በቤታቸው አቃጥለውታል። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጠውን በገዛ ጣቴ «ይጥፋ» የሚለውን ተጭኜ አጠፋሁት። እሺ፣ እሱስ ይጥፋ። የሚብሰው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከየከተማው ሴቶቹ ይመጡ ጀመር፤ አንዷ ከእህቷ ጋር፣ አንዷ ብቻዋን።

«የእኔንስ ልከሽዋል?»

«አልላክሁም፣ ወላሂ» እላለሁ። በእነሱ መሐላ እምላለሁ።

አንዷ አልበሟን ጉያዋ እንደያዘች፣ «የሙሽራዋን እናትም እኮ እንዲሁ ነው ያልሻቸው» ብላኝ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሴቶቹ በኩል የጠራኝ የለም። በሌላ ሴት ተኩኝ ብዬ እንዳልጽናና ሌላ ሴት አንሺ የለም። ሳይነሳ ቀረ። ሰርግ ባለ ቀን ከግቢው የሚወጣውን እልልታ ከመንገድ እሰማለሁ፤ ውስጥ ብርሃኑ የት ጋ እንደሚወድቅ አውቃለሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉርድና ተመራቂ ነው። ባለፈው መስከረም ሊጠባ ሰሞን አንድ ሰው ትንሽ ሴት ልጅ ይዞ ገባ፤ ለትምህርት ቤት ሁለት ጉርድ ይፈልጋል። ወዲያው አወቅሁት። የዚያች ሙሽራ ባል ነው። እሷ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች።

ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አይኗ ከበሩ አይነቀልም፤ እናቷን ትፈልጋለች። ለጉርድ ደግሞ ፊት ለፊት ማየት ግድ ነው። አሻንጉሊት አሳየሁ፣ አፏጨሁ፣ አጨበጨብኩ፤ አባቷ ከኋላዬ ቆሞ ቢጠራትም ዞር አላለችም። ለእንዲህ ያለ ልጅ አንድ መላ ብቻ ነው ያለኝ፤ እናቱን ከኋላዬ አቆማለሁ፣ እናቱን ሲያይ ካሜራውን ያያል።

«እናቷ አንዴ ብትገባ…» አልኩት።

ወጣ። ባጃጁ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያናግራት አየሁ። አንገቷን ነቀነቀች፤ አንዴ ብቻ። ተመልሶ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ይቅርታ፣ እህቴ። ሌላ ቦታ እንሞክራለን» አለ።

ልጅቷ ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ወደ እናቷ ሮጠች። ካሜራው እጄ ላይ ነበር፤ በሩ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንዳገኛት አይቻለሁ። አላነሳሁም። ሳልጠየቅ ማንሳት ትቻለሁ።