ዳቦ ጋጋሪው ያላወቀው እርሾ

ልብስ ሰፊዋ አማቷን ትወዳቸዋለች። ይህ አስቀድሞ ይታወቅላት፤ አለዚያ የሚከተለውን የሰማ ሁሉ ክፉ ምራት ያደርጋታል።

አሮጊቷን ወተት የተጣላቸው በስተርጅና ነው። ቁራሽ ቺዝ በቀመሱ ቁጥር ሆዳቸው ይነፋል፤ ሐኪሙም "ወተት የነካው ነገር በአፍዎ እንዳይዞር" ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ምግብ ሁሉ አስጠላቸው፤ ሰውነታቸውም ከሳ። መላ የዘየደችው ምራታቸው ናት። ካሹ የሚባለውን ለውዝ ዘፍዝፋ ትፈጫለች፤ ሎሚ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ትጨምራለች፤ ከዚያ ቢጫውን የእርሾ ብናኝ ትነሰንስበታለች። ይህ እርሾ ሊጥ አያስነሳም፤ በሙቀት ሞቶ የደረቀ ነው። ሥራው ማጣፈጥ ብቻ ቢሆንም ካሹውን ቺዝ ቺዝ የሚያሰኘው እሱ ነው። በስታርች አጥብቃ እሳት ላይ ታማስልና በሳህን ገልብጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስገባዋለች። ተቆርጦ ሲቀርብላቸው አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው "እሰይ!" ይላሉ። ከዚህ "እሰይ" እንግዲህ ማን ያመልጣል?

ቺዙ ቶሎ ይበላሻል፤ አሮጊቷ ደግሞ ያለሱ ዳቦ አይነኩም። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ የማታድር፣ ሠርግ ላይ የማታመሽ ሆነች። ኩሽናዋ ከመጥበቧ የተነሳ ምድጃው ፊት ስትቆም ጀርባዋ ግድግዳ ይነካል። አንዳንድ ቀን እያማሰለች ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከእሳቱ ሙቀት ግን አይደለም።

በዚህ መሀል በሌላ ከተማ ያለ የሙሽራ ልብስ ስፌት ቤት ለቅድ ሥራ ፈለጋት። ዕድሜዋን የሰው ሱሪ ስታሳጥር ለኖረች ሴት ይህ ሎተሪ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት "ቅዳሜ እደውልልሻለሁ፤ ካልሆነ ሌላ እቀጥራለሁ" አለቻት።

"ሂጂ፣ ማን ያዘሽ?" አላት ባሏ።

"እማማንስ ማን ያበላቸዋል?"

"አሠራሩን አሳዪኛ!"

አሳየችው። ባልየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዱቄት ከቅንድቡ ጠፍቶ አያውቅም። የመጀመሪያ ቀን ለብ ባለው ካሹ ላይ የዳቦ እርሾ ጨምሮ ከድኖ ተወው። ውህዱ አረፋ ደፍቆ ክዳኑን ፈንቅሎ ወጣ፤ ቤቱ ቢራ ቢራ ሸተተ። በሌላ ቀንም ያንኑ ደገመው።

"ቢጫውን አላልኩህም?"

"እርሾ እርሾ ነው ብዬ እኮ ነው! አውቄ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

ከእርሾ ጋር ያደገ ሰው እርሾ መለየት አቃተው! መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን ማጠቢያው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የሚባለው ያኔ ትዝ አላላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ቺዝ ሳትሠራ ደንበኛ ቤት ልብስ ልትለካ ወጣች። ደንበኛዋን እስከ ረፋድ ጠብቃ ስታጣት ከታሰበው ሰዓት ቀድማ ተመለሰች። ኩሽና ስትገባ ባሏ ያማረ፣ የረጋ ቺዝ ይቆርጣል፤ ጣቶቹ ላይ ቢጫው ብናኝ አለ። እናቱ ወንበር ስበው ተቀምጠው እየበሉ ነው።

"እሰይ! ዛሬስ ከሷም በለጠ" ይላሉ።

እጅ ከፍንጅ።

"ትችላለህ" አለች።

ቢላውን አስቀመጠ። "እማዬን ራባት፤ አላስችል አለኝ።"

"ያንን ሁሉ ጊዜስ አውቀህ ነው ያበላሸኸው?"

"ከሄድሽ የምትመለሺ አልመሰለኝማ። ሂጂ ያልኩሽም እንደማትሄጂ ስለማውቅ ነው።"

ተናደደች፤ ከንዴቱም በላይ አፈረች። እስከ ዛሬ የያዟት አሮጊቷ ይመስሏት ነበር፤ በሆዷም ስንቴ አማርራባቸዋለች። ለካ በሩን የዘጋባት አጠገቧ የሚተኛው ነው። አንድ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ።

"እህስ፣ ትመጫለሽ?" አለች የስፌት ቤቱ ባለቤት።

አሁን የሚይዛት ነገር የለም። ለመሄድ አንድ ቃል ብቻ ይበቃታል።

"አማቴን አሟቸዋል፤ አልችልም" አለች። ለምን እንዳለችው ለራሷም አልገባትም። ደነገጠች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

"ማንን ነው ያመመው?" አሮጊቷ አፋቸው እንደሞላ ጮኹ። "እኔ ደህና ነኝ! የታመመስ ልጄ ነው! እመጣለሁ በያት!"

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። "ሰምቻለሁ። ሰኞ እንገናኛ?"

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። ባሏ መሬት መሬት ያያል። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

"ሰኞ" አለች።