ከአምደወርቅ ያመጣሁት ችካል

ከሰቆጣ መነሣት

በየካቲት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአጎቴ ከቄስ አለሙ ጋር ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ተነሣሁ። የሄድነው ወንድሜን ሞገስን ለማምጣት ነው። ሞገስ ግንበኛ ነው። አምደወርቅ በሚሠራው አዲስ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ከተተከለ የብረት መሰላል ወድቆ እግሩ ተሰብሯል።

መውደቁን የሰማነው ከወረቀት ነው። የሥራው ካቦ ሰቆጣ ላለው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፎ ኖሮ፣ ተላላኪው ደጃፋችን ላይ ቆሞ ለእናቴ አነበበላት። "ሞገስ የተባለው ግንበኛ ጠላ ጠጥቶ በስካር መሰላል ላይ በመውጣቱ ወድቋል፤ ወደፊት በማናቸውም የመንግሥት ሥራ እንዳይቀጠር" ይላል። ተላላኪው ድምፁ ትልቅ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ወንድሜ ጠላ አይቀምስም ማለቴ አይደለም፤ በበዓል ይጠጣል። ነገር ግን አባታችንም ግንበኛ ነበር፤ ከፍ ብሎ የሚሠራ ሰው ሥራው ሳያልቅ ከውሃ በቀር አይጠጣም ብሎ ነው ያሳደገን። እናቴ ደብዳቤውን ሰምታ አላለቀሰችም። "እግሩንስ ወጌሻ ይጠግነዋል፤ ስሙን ማን ይጠግንልኛል?" አለች።

እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት፣ መምህሩ ተነሥተሽ አንብቢ ሲለኝ ድምፄ እየጠፋ ልጆቹ ስለሚስቁብኝ ነው። ስለዚህ አጎቴ ሊናገሩ፣ እኔ ስንቅ ልይዝና በሽተኛውን ላስታምም ተስማማን። በሶና የሽምብራ ቆሎ ያዝኩ።

በጽሕፈት ቤቱ ግቢ በኩል ስናልፍ ሌላ የብረት መሰላል አጥሩ ሥር ተጋድሞ አየሁ። ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አጎቴ ዘበኛውን ጠየቁት።

"ለኒሯቅ ክሊኒክ ነው አባቴ። ካቦው ከአምደወርቅ ሲመለስ ይተክለዋል።"

እሱው ሊተክለው! 

መንገዱ

መኪና ሰቆጣ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ወይም በቅሎ ነው። በቅሎ ለሞገስ መመለሻ አስበን ነበር፤ ግን የተሰበረ እግር አንጠልጥሎ ቁልቁለት መውረድ አይሆንም ስላሉን ተውነው። አዝመራው ታጭዶ ማሳው ላይ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል። ጠጠሩ በበረባሶዬ ጎን እየገባ በየመቶ እርምጃው ያስቆመኛል። አጎቴ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ዳዊታቸውን እየደገሙ፣ ከፊቴ ይሄዳሉ።

ቀትር ላይ ከአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት አረፍን። አንዱ ጣሳ አሥር ሳንቲም ነው።

"አንድ ብቻ ቅጂልኝ" አሉ አጎቴ። "ሁለት ከጠጣሁ ደብዳቤ ይጻፍብኛል።"

ሴትዮዋ ነገሩን ስትጠይቅ ነገሯት። መሰላሉ ከሰቆጣ ተነሥቶ ያለፈው በእሷ ደጅ፣ በሰው ትከሻ ነበር።

"ስምንት ሰው ሆነው ሲያልፉ ቃሬዛ መስሎኝ ወጥቼ 'እግዜር ይማረው' አልኳቸው። ብረት ተሸክመን ነው ብለው ሳቁብኝ" አለች። ቀጥላም ጣሳውን እያነሣች "ለካ ቀድሜ ነው እንጂ አልተሳሳትኩም" አለች።

እኔ አልሳቅኩም።

አምደወርቅ

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሞገስ የተኛው የክሊኒኩ ዘበኛ አያ ብሩ ቤት ነው። ወጌሻው እግሩን በሸምበቆ አሥሮታል። ሲያየን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ጠጥተህ ነበር?" አሉት አጎቴ።

"ውሃ እንኳ አልጠጣሁም፤ የጾም ቀን ነበር።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ወደቅህ?"

ቀስ እያለ ነገረን። ክሊኒኩ ጣሪያ አጠገብ፣ ግድግዳው አናት ላይ፣ የውሃ በርሜል ተቀምጧል። አያ ብሩ በየጠዋቱ በላምባ ቆርቆሮ ውሃ ተሸክመው በመሰላሉ እየወጡ ሊሞሉት ነው የታሰበው። መሰላሉን ግድግዳው ላይ የሚይዙት ስምንት ብረቶች ናቸው፤ ለነሱ የመጡት ብሎኖች ደግሞ አጫጭር ናቸው። ግድግዳው ከውጭ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ጠንካራ ይመስላል፤ ከልስኑ በታች ግን እንደ አገራችን ቤት ሁሉ ድንጋይና ጭቃ ነው። አጭር ብሎን ጭቃ አይዘውም። ስለዚህ ካቦው ወንድሜን፣ "እናንተ ኮርቻና ልጓም የምትሰቅሉበትን ችካል ቁረጥና ግድግዳው ውስጥ ምታ፤ ብሎኑን እሱ ላይ እናስረዋለን" አለው። ይህ የሆነው በነሐሴ ነው። ችካሉ የተቆረጠበት ወይራ እርጥብ ነበር። በጋው ሲገባ ደርቆ ኮሰሰ። ሞገስ በርሜሉን ሊያስተካክል ጫፍ ሲደርስ መሰላሉ ከነሰውየው ወደ ኋላ ተገነጠለ።

ልጓም ችካሉን ወደ ታች ብቻ ነው የሚጫነው። መሰላል ላይ የወጣ ሰው ግን በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ወደ ውጭ ይጎትታል። አባታችን ይህን ያስተማረን ገመድ እያስያዘን ነው። ማንኛውንም ነገር ግድግዳ ላይ ሲያሥር ብረቱን ግድግዳውን አሳልፎ፣ በውስጥ በኩል ሰፊ ላሜራ ደርቦ፣ በብሎን ማጥበቂያው በዳዶ ያጠብቀው ነበር። ከዚያ እኔና ሞገስ በገመድ ወደ ውጭ እንጎትታለን። እኛ ካልነቀልነው ብቻ ሰው ይወጣበታል።

"ይህን እያወቅህ ለምን መታህ?" አልኩት። ከመንገዱ ሁሉ መጀመሪያ የተናገርኩት ይህ ነው፤ የተቆጣሁትም በእሱ ነው።

"ረጅም ብሎን ይምጣ ብዬ ነበር። 'አንተ መሐንዲስ ነህ?' አለኝ። ዝም አልኩ።"

ዝምታ የቤታችን በሽታ ነው።

አያ ብሩ እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ካቦው መሰላሉን እኮ መልሶ ተከለው" አሉ። "ዓርብ ጠዋት ውሃ ይዘህ ውጣ ብሎኛል።"

ከግድግዳው ሥር

ሐሙስ ጠዋት እኔ፣ አጎቴና አያ ብሩ ሄድን። መሰላሉ ቆሟል። ጠጋ ብዬ የታችኛውን መያዣ አየሁት፤ በዚያው ቀዳዳ ያው የደረቀ ችካል ገብቷል። እንዲጠብቅ የጆንያ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ጨርቅ! ከላዩ ቀለም ቀብተውታል። መርገጫውም ከግድግዳው ጋር ከመጣበቁ የተነሣ የጫማ አፍንጫ እንኳ አያስገባም፤ ሰው በጣቱ ጫፍ ነው የሚቆመው። ከጣሪያው በላይ የሚያዝ ብረት የለውም።

ካቦው ከመጋዘኑ ወጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ወፍራም ሰው ነው። አጎቴ መስቀላቸውን አሳለሙትና በለሰለሰ ቃል ጀመሩ። "ልጁ አጥፍቶም ከሆነ ይቅር ይበሉት፤ ያቺን ደብዳቤ ብቻ..."

"አባቴ፣ ደብዳቤው እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች ሳይጠጡ ይውላሉ?"

"ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ ብዬ ነው።"

ይቅርታ የምን? እግሩ የተሰበረው ማን ሆነና! ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ትምህርት ቤቱ ጊዜ ድምፄ ጠፋ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ የአያ ብሩን የውሃ ገመድ ከትከሻቸው ወሰድኩ። ጫፉን በላይኛው መርገጫ ላይ ወርውሬ ለማሳለፍ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ በአራተኛው አለፈ። ሁለቱን ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ ርቄ ቆምኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ካቦው።

አያ ብሩ ገብቷቸዋል። አጠገቤ መጥተው ገመዱን ያዙ። ሁለት ሰው ብቻ ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ጎተትን፤ መሰላሉ ጮኸ። ሁለተኛ ስንጎትት የላይኞቹ አራት መያዣዎች ችካላቸውን እንደያዙ ወጡና መሰላሉ ተገንድሶ አቧራ አስነሣ።

አያ ብሩ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ፣ "ለነገ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ" አሉ።

"የመንግሥት ንብረት አበላሸሽ!" ብሎ ጮኸ ካቦው። "ሁለተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ! እኅቱም ሰክራ ነበር እላለሁ!"

 ከወደቁት ችካሎች አንዱን ከነጨርቁ ከብሎኑ ፈትቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

ቅብብሉ

ዓርብ ጠዋት ሞገስን በቃሬዛ ይዘን ተነሣን። በእኛ አገር በሽተኛ የሚሄደው በመንደር ቅብብል ነው። አንዱ መንደር እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ተረካቢዎቹ "ምን ሆኖ ነው?" ይላሉ፤ አስረካቢዎቹ የሰሙትን ይነግራሉ። ወሬውም እንደ ሰውየው ከትከሻ ትከሻ እየተላለፈ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ወሰን ላይ የአምደወርቅ ሰዎች "ሰክሮ ወድቆ ነው አሉ" ብለው አስረከቡን። ዝም አልኩ። በሁለተኛውም እንዲሁ ተባለ። "አይደለም" አልኩ፤ የሰማኝ ግን የለም። በሦስተኛው አንድ ጎረምሳ ቃሬዛውን ትከሻው ላይ እያመቻቸ፣ "ጠላው የማን ቤት ነበር? እኔንም ውሰዱኝ!" አለ። ሁሉም ሳቁ። ሞገስ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

እሱን ሳይ ትዕግሥቴ አለቀ። "አስቀምጡት!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄን እኔው ደነገጥኩበት። ቃሬዛውን መሬት አስቀመጡት። ነጠላዬን ፈትቼ ችካሉን አወጣሁና ከነሐሴ እስከ የካቲት የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ምላሴ ይተሳሰር ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አጎቴ አማርኛ ለማይሰሙት በኽምጣኛ ደገሙላቸው።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ችካሉን ተቀብለው በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። ጨርቁን ፈትተው አዩ። "እርጥቡን የተመታ ነው" አሉ። "በዚህ ልጓም ይሰቀልበታል እንጂ ሰው ይሰቀልበታል?"

ጎረምሳው ቃሬዛውን አነሣ። እስከ ወሰኑ ድረስ ሌላ ሰው አላስቀየረም።

በሚቀጥለው ወሰን አፌን ሳልከፍት አስረካቢዎቹ ቀደሙኝ፤ "በልጓም ችካል ላይ አውጥተውት ነው" አሉ። በሚቀጥለውም እንደዚሁ። እኔ ግን በእያንዳንዱ ወሰን ችካሉን እያወጣሁ አሳየሁ። ቅዳሜ ሰቆጣ እስክንገባ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ድምፄ ጎርንኖ ነበር፤ ግን አልጠፋም።

መመለስ

ሰኞ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። አጎቴ አብረውኝ ገቡ፤ እጅ ነሥተው ሊጀምሩ ሲሉ "አጎቴ፣ እኔ ልናገር" አልኳቸው። ወደ ጎን አሉልኝ። ችካሉን በጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የወንድሜ ስካር ነው ጌታዬ።"

ጸሐፊው በብዕራቸው ጫፍ አገላበጡት። "ጨርቁስ?"

"እሱ የካቦው ጥገና ነው። ወንድሜ ከወደቀ በኋላ በዚያው ቀዳዳ መልሶ የሰካው ነው።"

ከዚያ በመንገድ የለመድኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጸሐፊው አላቋረጡኝም። ስጨርስ በመስኮቱ ወደ አጥሩ ሥር ተመለከቱ፤ ቀዩ መሰላል እዚያው ነው። ዘበኛውን ጠርተው፣ "የኒሯቁ መሰላል ግድግዳ የሚያልፍ ብሎን ሳይመጣ ከዚህ እንዳይነሣ" አሉት።

"ደብዳቤውስ ጌታዬ?"

"መዝገብ የገባ ወረቀት አይወጣም።"

ይህ ነው እኮ! ውሸት በአንድ ቀን ይገባል፤ ለመውጣት ሥርዓት የለውም። ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። "እንግዲያው ችካሉም ይግባ" አልኩ።

ጸሐፊው ቀና ብለው አዩኝ። ደብዳቤው ያለበትን መዝገብ አስመጡ፤ የተናገርኩትን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉና አስፈረሙኝ። ከዚያ ችካሉን ከነጨርቁ ከመዝገቡ ጋር በሲባጎ አሠሩት። መዝገቡ አልዘጋ አለ። መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብሎ ጎልቶ ተቀመጠ።

ቤት ስደርስ ሞገስ ደጃፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። እናቴ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሞገስ ወደ ሥራ ይመለስ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ካቦውም አልተጠየቀም። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እኛ ዝም ስንል ሌላ ሰው በእኛ ፋንታ ይጽፋል።

እናቴ ተነሥታ ወደ ጎረቤቶቹ ቤት አየችና "ነይ፣ ደጃፉ ላይ ቁሚ" አለችኝ። "ያ ተላላኪ በቆመበት ቦታ። አሁን ለእኔ የነገርሽኝን፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚልኝ።"

ቆሜ ደገምኩት።