ዱብቲን አልፋ አሳይታ

ልጄን ዘይነባን ይዤ ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ ለሱብሒ ሶላት የሚወጣ ሰው ሳያየን ነው። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እሷም ኤችአይቪ እንዳለባት እኔና እሷ ብቻ አወቅን። ለእናቷ ግን «ሰመራ ሱቅ ልከፍት ነው፣ ታግዘኛለች» ብዬ ዋሸሁ።

ባቲን አልፈን ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችንን ገረፈን። ሐይቅ ሲመሽ ጋቢ እንደርብ ነበር፤ ሰመራ የቧንቧው ውሃ እንኳ ያቃጥላል። አከራዬን «ቤቱ ማራገቢያ አለው?» አልኩት።

«አለው።»

«መብራትስ?»

«ለእሱ እንግዲህ ዱዓ አድርግ።»

ዱብቲ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፤ የኤችአይቪ መድኃኒቷን እዚያ መውሰድ ትችል ነበር። ነገር ግን እዚያ የሐይቅ ሰዎች ስለነበሩ፣ ዱብቲን አልፋ አሳይታ ድረስ እንድትሄድ አዘዝኩ። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ፣ «አባዬ፣ መድኃኒቱን የምንወስድ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ያስፈልጋችኋል ብለውናል። ማክሰኞ ልሂድ?» አለችኝ።

«ሳያምሽ ምን ፍለጋ? በሳምንት ሁለቴ ስትመላለሺ ሰው ምን ይላል?»

እሺ አለች። ልጆቼን እሺ ማለት አስተምሬ ነው ያሳደግኩት፤ እኮራበትም ነበር።

ቆይቶ ደም ሲፈስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ካንሰሩ ሥር ሰዷል፣ ዘግይታችኋል ተባልን። ለእሱ አሁን የምትወስደው ማስታገሻ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት የጥናት ሠራተኛ ታብሌት ይዛ ቤታችን መጣች። ኤችአይቪ ላለባቸው ሴቶች የካንሰር ምርመራው ከወጪው አንጻር ያዋጣ እንደሆነ በሂሳብ ያሰላሉ። ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን ስለሆነ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የትራንስፖርቱን ወጪ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«አባባ፣ ዱብቲ እያለ ለምን አሳይታ?»

«ሰው እንዳያያት።»

«ምርመራውስ ለምን ቀረ? ርቀት ልበል?»

«አትዋሺ። አባቷ ከለከላት ብለሽ ጻፊ።»

«ቅጹ እንዲህ የሚል ምርጫ የለውም። ‹ሌላ› የሚል ነው ያለው።»

ጣቷ ‹ሌላ› ላይ አረፈ። እኔን የሚያህል ጥፋት በዚያች ቃል ገብቶ ቀረ። ሴት ልጅ ይዛችሁ የተሰደዳችሁ አባቶች፣ መደበቅን መጠበቅ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እናቷ ደወለች። ሁሉንም ልነግራት ቆርጬ ነበር።

«ዘይነባን ስጠኝማ» አለች። ሰጠኋት።

«ድምፅሽ ምነው ሰለለ፣ ልጄ?»

«ሙቀቱ ነው፣ እማዬ።»

ስልኩን መለሰችልኝ።

«እውነት ሙቀቱ ነው?» አለችኝ እናቷ።

«አዎ» አልኩ። «ዘንድሮ ክፉ ሙቀት ነው።»