ዳያዚኖን የሚባለው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ዲላ ገበያ፣ የግብርና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ሽታ አስቆመኝ። የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ከላምባ ጋር የተቀላቀለ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ግድግዳ ተደገፍኩ። ባለሱቁ ያመመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እንሰትና ቡናው መሃል ነበር። እናቴ የጌዴኦ ልጅ ናት፤ አባቴ ግን ጌዴኦኛ ስለማይሰማ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነበር። አባቴ ቡና ሊገዛ ወደ ወርቃ ከመሄዱ በፊት፣ የበግ ቅማል ማጥፊያውን ከላስቲክ ዕቃው ገልብጦ ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። እኛ ቤት የበጉም፣ የአይጡም፣ የራስ ምታቱም ስሙ አንድ ነው፤ መድኃኒት።

ጠዋት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የአራት ዓመቷ እህቴ ሳል ይዟት ታለቅሳለች። እኔ የኬሚስትሪ ፈተና ስለነበረብኝ ደብተሬ ላይ አጎንብሼ የውህዶችን ስም እሸመድዳለሁ። ዳይ ማለት ሁለት፣ ትራይ ማለት ሦስት። ማንበብ የማትችለው እናቴ ጠርሙሱን አንሥታ ከኋላዬ፣ "ይሄ መዳኒት ነው?" አለችኝ።

ቀና ሳልል፣ "አዎ፣ መድኃኒት ነው" አልኳት።

ብዙም አልቆየ። የእህቴ ለሃጭ ይዝረበረብ ጀመር፤ ላብ አጠመቃት፤ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አከለ። ሽታው አፍንጫዬ የገባው ያኔ ነው። እናቴ አቅፋት በጭቃው ውስጥ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። ባጃጅ አግኝተን ሆስፒታል ደረስን።

"ምን ጠጣች?" አለ ወጣቱ ሐኪም።

"መዳኒት" አለች እናቴ።

"የምን መድኃኒት?"

"የበግ።"

"ስሙ! ስሙ ማን ይባላል?"

እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ። የአባቴ ስልክ አይነሳም። ሐኪሙ "ሂጂ፣ የተገዛበትን ዕቃ ፈልጊ" ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

ዕቃውን ያገኘሁት ከጓሮ፣ ቆሻሻ ከምንጥልበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወረቀቱ በዝናብ ተልጦ መጨረሻው ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ ቀርተዋል። ይዤው በመጣሁት የእናቴ ስልክ ወደ ኬሚስትሪ መምህሬ ደወልኩ። እያለቀስኩ የበጉን ነገር ነገርኩት፤ ፊደሎቹንም አንድ በአንድ አነበብኩለት።

"ዳያዚኖን ነው። ዳያዚኖን! እንደዚሁ በያቸው፣ ሩጪ!" አለኝ።

መምህሩ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ፣ የውህድ ስም ዝም ብሎ አይወጣም፣ ውስጡ ያለውን ይናገራል ይለን ነበር። ዳይ ሁለት፣ አዝ ናይትሮጅን። ባጃጁ ውስጥ ስሙ እንዳይጠፋኝ እንደ ጸሎት ደጋገምኩት። ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየኝና ፍጥነት ጨመረ።

እናቴ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ እጁን ይዤ ስሙን ነገርኩት። "ከምልክቱ ገምተን መርፌውን ጀምረንላት ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ፊደሎቹን አስደግሞኝ ጻፈ። የጻፈው ግን መድኃኒት በሚታዘዝበት ወረቀት ላይ አልነበረም።

አባቴ አመሻሹ ላይ ደረሰ። ጎረቤቶች ቤታችን ተሰብስበው የለቅሶ መዝሙር ጀምረው ነበር። መሃላቸውን ሰንጥቆ እናቴ ፊት ቆመና፣ "ያነበበልሽ ሰው የለም? ማንንም ሳትጠይቂ ነው የሰጠሻት?" ብሎ ጮኸ።

ልናገር ተነሣሁ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ወደ ታች ሳበችኝ።

"አልጠየኩም" አለች። "ይቺ ልጅ ትምርት ላይ ነበር። እኔ ነኝ።"

አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን እንዳመነ ኖረ። ስንት ዓመት፣ በተቆጣ ቁጥር ነገሩን አንሥቶ ሲወቅሳት፣ አንድም ቀን ወደ እኔ አላየችም። እኔም አንድም ቀን አልተናገርኩም።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፤ የደም ግፊትም አለባት። ክኒኗን ጠዋትና ማታ የምሰጣት እኔ ነኝ። ምንነቱን ጠይቃኝ አታውቅም። መዳፏን ትዘረጋልኛለች፤ ሳስቀምጥላት ወዲያው ትውጠዋለች።