አፈ ጉባኤው ልጁን ለቲያትር ሲያዘጋጅ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «አፈ ጉባኤው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ጨዋታ ይከፍትና ለማንም ዕድል ሳይሰጥ ራሱ ስለሚዘጋው። ስለ ኳስ ይሁን ስለ ኩላሊት፣ ስለ ትዳር ይሁን ስለ አየር ጠባይ የማያውቀው ነገር የለም፤ ሲያወራም ማበጠሪያውን መዳፉ ላይ መታ መታ ያደርጋል። አንገቱ ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ደግሞ አይከራከርም። እሱ ግን የሰውን ዝምታ እንደ መስማማት እየቆጠረ ነው የኖረው።

አንድ ቀን የሰባተኛ ክፍል ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣

«አባዬ፣ ለዓመቱ መዝጊያ ቲያትር ሊሠራ ነው። ዓርብ ተዋናይ ይመረጣል፤ እኔም ተመዝግቤያለሁ» አለችው።

ማሽኑን አጠፋ። ወንበሩ ላይ የነበረው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ግማሽ ፀጉሩ ተከርክሞ ግማሹ እንደጎፈረ ቀረ።

«ማንን ሆነሽ ልትሠሪ?»

«እኔንጃ፤ ትንሽ ነገር ከደረሰችኝ…»

«ትንሽ? የኔ ልጅ ትንሽ? ንግሥት የለችም?»

«አለች። ግን ልጇ ይሞትባትና ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ማልቀስ አልችልበትም።»

«እሱን ለኔ ተይው» አለ አፈ ጉባኤው።

እንደ እሱ አባባል በወጣትነቱ መድረክ ያንቀጠቀጠ ተዋናይ ነበር። እንደ ሚስቱ አባባል ደግሞ መድረክ አካባቢ የታየው አንዴ ነው፤ ያውም መጋረጃ ሳቢ ሆኖ፣ ያውም ሰዎቹ ገና እያወሩ ዘግቶባቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤቱ ቲያትር ቤት ሆነ። ደንበኛ አረፋ ፊቱ ላይ እየደረቀ፣ ልጅቷ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ አባትየው ያስተምራል። «ለቅሶ ከአንጀት ነው! እዪኝ!» ብሎ በጉልበቱ ወደቀና «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያለ ወለሉን ደበደበ። ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ መቀሷን እንደያዘች እየሮጠች ገባች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«የንግሥቲቱ ልጅ።»

«የቷ ንግሥት?»

ነገሩን ሲያስረዷት፣ ከመጣሁ አይቀር ብላ ነው መሰል፣ ሟች ባሏን አስባ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች።

«አየሽ ልጄ፣ እንዲህ ነው!» አለ አፈ ጉባኤው።

ሚስቱ በነገታው፣ «ለመሆኑ የምትፈተነው እሷ ናት ወይስ አንተ?» ብትለው፣ «አንቺ ጥበብ አይገባሽም» አላት።

ዓርብ ሱቁን ዘግቶ፣ ክራባቱን አስሮ ከልጁ ጋር ሄደ። የድራማ ክበቡ መምህርት በትሕትና፣ «አባት፣ ወላጅ አይገባም፤ ውጭ ይጠብቁ» አሉት። እሱም ዞሮ ከአዳራሹ መስኮት ሥር ድንጋይ ላይ ቆመና በመስታወቱ አጮለቀ።

ልጅቷ በጉልበቷ ወደቀች፤ እጇን ዘረጋች፤ «ልጄን!» ስትል ድምጿ ጠፋ። ከኋላ አንዱ በሳቅ ፍርፍር አለ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህርቷ።

«አባቴ። ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁሉን ያውቃል።»

«እስቲ ተይው ንግሥቲቱን። አባትሽን ሆነሽ አሳይኝ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንድ የክፍሏን ልጅ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ሹራቧን አንገቱ ላይ አሰረች፣ አናቱን በጣቷ ደፈቀችው። «ዝም ብለህ ስማኝ። ኩላሊት ማለት የሰውነት ገንዘብ ያዥ ነው። ዶክተሮቹ አይነግሩህም…» ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል ጭንቅላቱን ወደ ሌላ ጎን ጠመዘዘችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የመምህርቷን ጥያቄ ከውጭ ያልሰማው አፈ ጉባኤም ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» እያለ ነበር፣ ልጅቷ በማበጠሪያ ፋንታ እስክሪብቶዋን መዳፏ ላይ መታ መታ ስታደርግ። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ቀስ ብሎ ከድንጋዩ ወረደ።

መምህርቷ የንግሥቲቱን አማካሪ ሰጧት፤ ስለማያውቀው ሁሉ እየመከረ አገር የሚያፈርሰውን።

ወደ ቤት ሲሄዱ ዝም ስላለባት ልጅቷ ጨነቃት።

«አባዬ፣ አየኸኝ እንዴ? ተናደድክ?»

«እንደዛ ነው የማወራው?»

«አዎ» አለች፤ መዋሸት አልቻለችም። «ግን እኮ ሁሉም ወደዱህ።»

ቅዳሜ ጠዋት አፈ ጉባኤው አፉን አልከፈተም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጺሙን ሊላጭ መጥቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ወሬ የለም። «አሞሃል እንዴ? መድኃኒት ልላክልህ?» አለ። አፈ ጉባኤው ምላጩን መሳል ቀጠለ። ሰውዬው ያገኘውን ዕድል እንዲያመልጠው አልፈለገም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ዝም ካልክ አይቀር፣ የፀጉሬን ጎንና ጎን ስታሳጥርብኝ አልወደውም። ልነግርህ ስል ኖሬ ኖሬ…» አለው።

አፈ ጉባኤው መስታወቱ ውስጥ ሰውዬውን ትኩር ብሎ አየው።

«ታዲያ ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?» አለና መልሱን ቆሞ ጠበቀ።