የማይከፍተው ላፕቶፕ

ኢንጂነሪንግ ደርሶኝ ሮቤ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ዲንሾ ላይ ገብስ የሚያርሰው አባቴ ከተማ ድረስ መጥቶ ላፕቶፕ ገዛልኝ። ባለሱቁን በኦሮምኛ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ልጄ የምትማረውን ይችላል?"

"ይችላል አባቴ፣ አያስቡ" አለው ባለሱቁ።

አልቻለም። ንድፍ የምንሠራበትን ፕሮግራም ስከፍት ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ጓደኞቼ ሥራቸውን ሲያስረክቡ እኔ ማጥፋትና ማብራት ላይ ነበርኩ። ሱቁ ብሄድ ሰውዬው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብሎ አሰናበተኝ። ትምህርቱ በቃኝ ብዬ እያለቀስኩ ለአባቴ ደወልኩ።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ። ሱቁ ስንደርስ አልጮኸም፤ ላፕቶፑን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ገበያ እየዘጉብኝ ነው" አለ ባለሱቁ።

"ልጄ ትምህርት ልታቆም ነው። እኔ ወዴት ልሂድ?"

"አባ፣ ተወው፣ እንሂድ" ብዬ ለመንኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። ዝናብ ሲመጣ ጋቢውን ላፕቶፑ ላይ ደርቦ እሱ ራሱ ረጠበ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያየናል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ራሱ የሚሠራበትን፣ የቁልፎቹ ፊደል የተፋቀ ከባድ ላፕቶፕ አመጣ።

"በይ ሞክሪው" አለኝ።

ፕሮግራሙን ከፍላሼ ላይ ጫንኩት። ብዙ ቆይቶ ተከፈተ።

አባቴ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። "እስቲ መስመር ሥሪበትና ልይ" አለኝ።