ግንባሩን ያልሰጠው ሰው

ተመድቤ ጋምቤላ ስመጣ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የቢሮዎቹ ሰሌዳ ቀለም እንኳ ይሸታል። እኔም አዲስ ነርስ ነበርኩና የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያን ሰሞን አንድ ኑዌር ሰውዬ ከማታር መጣ። ከታመመ ጥርስ የተነሳ ቁስል ግራ ጉንጩን በልቶ ቀዳዳ ትቶበታል። ውሃ ሲጠጣ በጉንጩ ይፈሳል። እሱን ያንገበገበው ግን ውሃው አልነበረም። ለሚወደው በሬ መዝፈን አቅቶታል፤ ቃሉ ሁሉ በቀዳዳው ትንፋሽ ሆኖ ይወጣል።

ለአንድ ወር ከአዲስ አበባ የመጡት ቀዶ ሐኪም አዩትና፣ "የግንባሩን ቆዳ ከነደም ሥሩ አንስተን ወደ ጉንጩ እናዞረዋለን" አሉ። እኔ ሆዬ ምላጭና ሳሙና ይዤ ከተፍ አልኩ። ፀጉሩን ልላጨው ስጀምር ሰውዬው ብድግ ብሎ ወጣ። እግሩ ረጅም ነው፤ እሱ ሲራመድ እኔ እሮጣለሁ። ምላጬን እንደያዝኩ እስከ ባሮ ዳር ተከተልኩት። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ቋንቋውን የሚያውቀው የሆስፒታላችን ዘበኛ ደርሶ አስተረጎመልኝ።

"ሲስተር፣ እሱ ግንባር አይሰጥም። ይሄ ስድስት መስመር አየሽ? ልጅ ሆኖ ሲቆረጥ ዝም አለ፣ አላለቀሰም። ከዚያ ወንድ ሆነ። አንቺ ይሄን ወስደሽ ጉንጭ ላይ ትለጥፊ?"

አፈርኩ። ስንት ቀን ቁስሉን ሳጥብለት መስመሮቹን አይቻቸዋለሁ፤ ምን እንደሆኑ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ሦስታችንም ተመልሰን ስንነግራቸው ሐኪሙ አልተቆጡም። የራሳቸውን ደረት መታ መታ አድርገው፣ "ከዚህስ?" አሉት።

"ደረት ይውሰድ" አለ ሰውዬው በዘበኛው በኩል። "ደረት ብዙ አለ።"

የደረቱን ጡንቻ ከነቆዳው አነሱት። ደም የሚያመጣለትን ሥር ሳይቆርጡ በአንገቱ ቆዳ ውስጥ አሳልፈው ጉንጩ ላይ ሰፉት። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የእኔ ነበር። በየሰዓቱ እዳስሰዋለሁ፤ ሞቋል ወይ? በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው ቀይ ደም ብቅ ይላል ወይ? ከቀዘቀዘ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አልቀዘቀዘም! ደም ጠብ ባለ ቁጥር እልልታዬን በግድ ነበር የምውጠው።

ሦስት ሳምንት ሲሞላው ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጣ። ጠብታ አልፈሰሰም። ከዚያ ተነሳና፣ የደረቱ ስፌት እየጎተተው፣ እጆቹን እንደ በሬው ቀንድ ወደ ላይ አንስቶ ዘፈነ። በሽተኛው ሁሉ ከየክፍሉ ወጣ። ዘበኛው በሳቅ ፈረሰ።

"ሲስተር፣ አንቺም አለሽ!"

"ምን ይላል?"

"'በሬዬ ሆይ፣ ምላጭ ይዛ የምትሮጥ አጭር ሴት አየሁ። አመለጥኳት። ያቺ ሴት ግን እንድዘፍንልህ አፌን ጠበቀችልኝ' ይላል።"

ደስታዬን የት ላድርገው!

"አገሩ ሲገባም ይህንኑ ይዘፍናል?" ብዬ ጠየቅኩ።

"በየጠዋቱ" አለኝ።